የቮልስ ቸርኬ ጉዳይ የማን ነው?

ልብ ብላችሁ ከሆነ ቮልስ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ እንደገና መታየት ጀምራለች። እንደገና ማለቱም ልክ አይደለም፤ ድሮም አልጠፋችም። ከንጉሡ ዘመን ጀምራ መምህሩን ትምህርት ቤት፣ ነርሷን ሆስፒታል፣ ሙሽራውን ቤተ ክርስቲያን ስታደርስ የኖረች መኪና ናት። የተለወጠው መልኳ ነው። ለዓመታት ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመችው ቮልስ ዛሬ አዲስ ቀለም ተቀብታ፣ ወንበሯ ተለብዶ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያብለጨልጭ የአሉሚኒየም ቸርኬ ተጫምታ ብቅ ትላለች። ወጣቶቹ «ሞዲፋይ ተደርጋለች» ይላሉ። ታምራለች፣ አይካድም።

እኔም ቮልስ ከሚነዱት አንዱ ነኝ። ዛሬ ላነሳው የፈለግኩት ግን የጫማዋን ነገር ነው። ያ ቸርኬ ማን ሠራው? ስንት ኪሎ ይሸከማል? ለየትኛው መኪና ታስቦ ወጣ? በምን ዓይነት ቡሎን ታሰረ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ባለ መኪናውን ብትጠይቁት ወደ ሻጩ ይመራችኋል። ሻጩ ወደ አስመጪው፣ አስመጪው ወደ ፋብሪካው ይጠቁማል። ጎሚስታው «አምጥተው ግጠም አሉኝ፣ ገጠምኩ» ይላል። የዓመታዊ ምርመራ ባለሙያው ደግሞ ፍሬኑን፣ መብራቱንና ጭሱን አይቶ ያሳልፋል። ርካሽ ቸርኬን አደገኛ የሚያደርገው ዋጋው ብቻ አይመስለኝም። ከፋብሪካ እስከ አስፋልት ባለው መንገድ ሁሉ «ይህ ለዚህች መኪና ይሆናል» ብሎ የሚፈርም አንድም ሰው አለመኖሩ ነው ትልቁ ችግር።

ነገሩ የመኪና ወዳጆች የእሑድ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለዚህ ገጽ ባላበቃሁት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር በጥቂት ወራት ውስጥ ከዶላር አንፃር ግማሽ ያህል አቅሙን አጣ። እነዚህ ሦስት ውሳኔዎች ተገቢ ናቸው አይደሉም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። አንድ ላይ ሲደመሩ የሚሰጡት ውጤት ግን ግልጽ ነው፦ አሮጌ የነዳጅ መኪና ያለው ሰው አይለቅም፣ ይጠግናል። ቪትዙም፣ ኮሮላውም፣ ቮልሷም ከታሰበላቸው ዕድሜ በላይ ይነዳሉ።

መኪና ዕድሜው በረዘመ ቁጥር የሚኖረው በመለዋወጫ ነው። ስለዚህ አሮጌ መኪናን እንድናቆይ የሚገፋን ፖሊሲ፣ የመለዋወጫ ጥራትን የሚከታተል ዓይን አብሮ ሊያመጣ ይገባ ነበር። አሁን ባለው አካሄድ መኪናው እንዳይገባ ድንበር ላይ በጥብቅ ይጠበቃል፤ መኪናውን የሚሸከመው ቸርኬ ግን በካርቶን ተጠቅልሎ ሲያልፍ የሚጠይቀው የለም።

ቮልስን ለምሳሌ የመረጥኩት ስለምወዳት ብቻ አይደለም፤ ችግሩን ከሌሎቹ መኪኖች በተሻለ ስለምታሳይም ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዬብላ ከተማ የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ባዶዋን 800 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፤ ሰውና ዕቃ ሲሞላባት ወደ 1,200 ኪሎ ትጠጋለች። ሞተሯ ኋላ ስለሆነ ከክብደቷ የሚበዛው የሚያርፈው በኋላ ጎማዎች ላይ ነው። ያም ሆኖ ቆማ እያለች በአንድ የኋላ ጎማ ላይ የሚያርፈው ክብደት 400 ኪሎ አይሞላም። ለዘመናዊ መኪና የተሠራ ጤነኛ የአሉሚኒየም ቸርኬ ከዚህ በላይ ይሸከማል።

ብዙዎች «ይቺ ቀላል መኪና ናት፣ ምን ትሆናለች?» የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። ግማሽ እውነት አላቸው። የቸርኬው ብርታት ከቮልስ ክብደት ጋር ሲነጻጸር በአብዛኛው ይበቃል። ቮልስ ላይ አደጋው የሚመጣው ይበልጡን ከልክ ነው፤ ቸርኬው ከመኪናዋ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ።

ከቀዳዳዎቹ እንጀምር። ቆየት ያሉት፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1967 ገደማ የተሠሩት ቮልሶች በአብዛኛው ቸርኬያቸው የሚታሰረው በ5 ቡሎን ነው፤ ቡሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ዲያሜትሩ 205 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት በ4 ቡሎን፣ በ130 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ይታሰራሉ። ሁለቱም ልኮች በዛሬው ገበያ ብርቅ ናቸው። ለትናንሽ የጃፓን መኪኖች፣ ለምሳሌ ለቪትዝ የሚመጣው ቸርኬ 4 ቀዳዳ ቢኖረውም ክቡ 100 ሚሊ ሜትር ነው። ከሩቅ ሲያዩት ያው አራት ቀዳዳ ይመስላል፤ ሲገጥሙት ግን አይገባም።

አልገባም ሲባል ታዲያ ሁለት መላ ይመጣል። አንደኛው ቸርኬውን ቶርኖ ቤት ወስዶ በአዲስ ልክ ማስበሳት ነው። ቸርኬ ሲነደፍ ብረቱ የሚወፍረው ቀዳዳ ያለበት ቦታ ላይ ነው። አዲሱ ቀዳዳ ስስ ቦታ ላይ ወይም የድሮው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ካረፈ፣ ጭነቱን ሁሉ የሚሸከመው ለዚያ ያልታሰበ ክፍል ይሆናል። የድሮውን ቀዳዳ በብየዳ ደፍኖ አጠገቡ መብሳትማ የባሰ ነው፤ የአሉሚኒየም ቸርኬ ጥንካሬውን የሚያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ታክሞ ስለሆነ፣ የብየዳው እሳት የነካው ዙሪያ ያንን ጥንካሬ ያጣል። ከላይ ቀለም ከተቀባ በኋላ ደግሞ ማንም አያየውም።

ሁለተኛው መላ አዳፕተር ነው፤ በታምቡሩና በቸርኬው መሐል የሚገባ፣ በአንድ ወገን የቮልስን ልክ፣ በሌላው ወገን የአዲሱን ቸርኬ ልክ የያዘ ወፍራም ዲስክ። በደንብ የተሠራ አዳፕተር በዓለም ላይ ሞልቷል፤ ይሠራልም። ነገር ግን ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ የሚጠበቀው የቡሎን ቁጥር እጥፍ ይሆናል። በአንድ ጎማ 4 የነበረው 8፣ በመኪናው 16 የነበረው 32 ይሆናል። ከእነዚህ ውስጥ ግማሾቹ ቸርኬው ሥር ተደብቀዋል፤ ጎማው ካልተፈታ በቀር መላላታቸውን የሚያውቅ የለም። ሁለተኛ፣ አዳፕተሩ በውፍረቱ ልክ ጎማውን ወደ ውጭ ይገፋዋል።

ይህ ወደ ውጭ መገፋት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ቸርኬ ሁሉ ኦፍሴት የሚባል ልክ አለው፤ ቸርኬው ከታምቡሩ ጋር የሚገጥምበት ፊት ከስፋቱ መሐል ምን ያህል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከቸርኬው ጀርባ በላቲን «ኢ» እና «ቲ» ፊደላት አጠገብ ተጽፎ ይገኛል። ቸርኬው በአራት ጣት ስፋት ወደ ውጭ ሲወጣ መኪናዋ ደረቷን የነፋች ትመስላለች። ኩሽኔቱ ግን ያንን ስፋት የሚያውቀው እንደ ረጅም መፍቻ ነው፤ ጉድጓድ በተመታ ቁጥር ከወትሮው በላይ ይጠመዘዛል። መሪው ይከብዳል፣ ወደ አንድ ጎን የመሳብ ጠባይ ያመጣል፤ ሰው ሲጫን ጎማው ፓራፋንጎውን ይፈትጋል። ስፋቱም እንዲሁ ነው። የፋብሪካዋ ቸርኬ ስፋቱ 4 ወይም 4.5 ኢንች ነበር። የቮልስ ፊቷ ቀላል ስለሆነ ከፊት በጣም ሰፊ ጎማ ሲደረግላት በክረምት ውኃ በተኛበት አስፋልት ላይ መሬቱን ለመያዝ ትቸገራለች።

ሦስተኛውና ከሁሉም የማይታየው የቡሎን ነገር ነው። ብዙ መኪና ላይ ቡሎኑ ተተክሎ ዳዶ ከውጭ ይጠብቅበታል። ቮልስ ላይ ግን ራሱ ቡሎኑ ነው ቸርኬውን አልፎ ታምቡሩ ውስጥ የሚገባው። የፋብሪካው ቡሎን ቸርኬው ላይ የሚያርፍበት አንገቱ ክብ ነው፣ እንደ ኳስ። ከገበያ የሚገዙት አብዛኞቹ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ደግሞ የሚፈልጉት አንገቱ እንደ ሾጣጣ የሆነ ቡሎን ነው። ኳሱን ሾጣጣው ጉድጓድ ውስጥ ብታጠብቁት ይጠብቃል። መፍቻው እምቢ እስኪል ድረስ ይጠብቃል። ግን የተነካኩት በአንዲት ቀጭን ክር ላይ ነው። መኪናው ሲንቀጠቀጥ ያቺ ክር ትሞረዳለች፣ ቡሎኑ ይላላል፣ ቀዳዳውም እንደ እንቁላል ይሞላልቃል።

ርዝመቱም አለ። የአሉሚኒየም ቸርኬ ከብረቱ ስለሚወፍር የድሮው ቡሎን ታምቡሩ ውስጥ ሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ይዞ ይቀራል። እንደ ደንቡ ቡሎኑ ቢያንስ የራሱን ውፍረት ያህል መግባት አለበት። በእጅ ሲያዞሩት ከ8 እስከ 9 ሙሉ ዙር ካልገባ አጭር ነው ማለት ነው። ከሚገባው በላይ ከረዘመ ደግሞ ታምቡሩን አልፎ የፍሬኑን ዕቃ ሊነካ ይችላል። እንግዲህ ባለ መኪናው የቸርኬ ዋጋ ሲከራከር ውሎ፣ ቡሎኑን «ያው የድሮው ይሆናል» ብሎ ሲያልፈው ነው ጉዳዩ የሚበላሸው። ከመኪናው ዕቃ ሁሉ በጣም ርካሹ ቡሎን ነው። አሜሪካ ወይም ጀርመን ዘመድ ያለው ሰው ሙሉውን 16 ቡሎን በሻንጣ ጥግ ማስመጣት ይችላል።

አጠባበቁንም እንየው። በየጎሚስታ ቤቱ ቡሎን የሚጠበቀው በአየር መፍቻ ወይም መፍቻው ላይ ቆሞ በመዝለል ነው። ቶርክ መፍቻ፣ ማለትም ምን ያህል ኃይል እንደተጠቀምን የሚነግረን መፍቻ፣ ያለው ጎሚስታ ብርቅ ነው። ልክ ያጣ ኃይል የ50 ዓመቱን የታምቡር ጥርስ ይልጠዋል። አዲስ የአሉሚኒየም ቸርኬ ደግሞ ከተገጠመ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ይረጋጋል፤ ያኔ ቡሎኖቹ እንደገና መታየት አለባቸው። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ የተባለ ይመስላል።

እስካሁን የተናገርኩት ቸርኬው ራሱ ጤነኛ ነው ብዬ ነው። እሱም የተረጋገጠ ነገር አይደለም። አሉሚኒየም ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ ውስጡ የአየር አረፋ ሊቀር ይችላል። ጥሩ ፋብሪካ በኤክስ ሬይ አይቶ አረፋ ያለበትን ይጥላል፤ ዋጋ ለመቀነስ የፈለገ ፋብሪካ ይህን ሥራ ሊዘልለው ይችላል። ልዩነቱ ከውጭ አይታይም። ብዙ የቮልስ ወዳጆች የሚመኙትን የፉክስ ቸርኬ ውሰዱ። ዋናው ጀርመን ውስጥ ለፖርሽ የተሠራው፣ ከሚፈስ አሉሚኒየም ሳይሆን በከባድ መቀጥቀጫ ተጨፍልቆ የወጣ ስለሆነ ቀላልም ጠንካራም ነው። የገበያው ቅጂ መልኩ አንድ ዓይነት ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ በማፍሰስ የተሠራ ነው። በማፍሰስ መሠራቱ በራሱ ነውር የለበትም፤ የዓለም መኪኖች የአሉሚኒየም ቸርኬ አብዛኛው እንዲያ ነው የሚሠራው። ነውሩ ሳይፈተሽ መሸጡ ነው።

የብረት ቸርኬና የአሉሚኒየም ቸርኬ አወዳደቃቸውም ይለያያል። ብረት ጉድጓድ ሲመታ ይጣመማል፤ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ነጂው ይሰማዋል፣ ወደ ጎሚስታ ይሄዳል። ደካማ የአሉሚኒየም ቸርኬ ግን ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁም ብዙ ጊዜ ከጀርባ ስለሚጀምር ማንም ሳያየው ያድጋል። ከኮብልስቶን ወጥተን ወደ ኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ አስፋልት፣ ከዚያም ወደ አዲስ–አዳማ የክፍያ መንገድ ስንገባ ፍጥነታችን ይጨምራል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ላይ የሚያሳፍር ብልሽት በ100 ላይ የሚገድል ነው።

የሚሞተው ደግሞ ነጂው ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ተፈትቶ የወጣ ጎማ ፍሬንም መሪም የለውም፤ ታክሲ የሚጠብቀውን ሰልፍ፣ ጀበና ጥዳ የተቀመጠችውን እናት፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰውን ልጅ አይለይም። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጁ ቁጥር 799/2005 ለተጎጂው ካሣ እንዲከፈል ያስገድዳል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ሥራው የሚጀምረው ግን ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት ያዙት? ጀርመን ውስጥ በራስ ፈቃድ የተለወጠ ቸርኬ ለዚያች መኪና መፈቀዱን የሚያሳይ ወረቀት ወይም እንደ ቲዩቪ ያለ የምርመራ ድርጅት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ መኪናው በመንገድ ላይ የመንቀሳቀስ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። ጃፓን ውስጥ ጄደብሊውኤል የሚል ማኅተም የሌለው የአሉሚኒየም ቸርኬ የገጠመ መኪና ምርመራ አያልፍም። ከማኅተሙ ጀርባ ሦስት ፈተናዎች አሉ፦ ቸርኬውን እያሽከረከሩ ማጠፍ፣ ጎማ ገጥሞ በጭነት ማሽከርከር፣ በጠርዙ ላይ ከባድ ክብደት መጣል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንቦች ውስጥ ቁጥር 124 የሚያወራው ስለ ምትክ ቸርኬ ብቻ ነው። አይኤስኦም 3006 እና 7141 የሚባሉ የቸርኬ መፈተሻ መስፈርቶች አሉት። አሜሪካ ውስጥ ግን ኤስኤኢ ጄ2530 የሚባለው የምትክ ቸርኬ መስፈርት በፈቃደኝነት የሚከበር ነው፤ እዚያ ሻጩን የሚያስፈራው ጉዳት ሲደርስ የሚመጣበት የፍርድ ቤት ክስ ነው።

ማኅተምም ቢሆን ፈውስ አይደለም። ጄደብሊውኤል የሚለውን ማኅተም የሚያትመው ራሱ አምራቹ ነው፤ ሌላ ወገን መርምሮ መመዝገቡን የሚያሳየው ቪአይኤ የሚለው ተጨማሪ ምልክት ነው። ቅርጽ ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ ሁለቱንም ፊደላት ብረት ላይ ማውጣት ይችላል። ስለዚህ ማኅተም መኖሩ ጥሩ ምልክት ነው፣ ማረጋገጫ ግን አይደለም። ማኅተምም፣ የክብደት ልክም፣ የአምራች ስምም፣ የተሠራበት ቀንም የሌለው ቸርኬ ግን ራሱ ነው የሚናገረው፦ ሠሪው ስሙን ለመጻፍ አልደፈረም።

ወደ እኛ እንመለስ። ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለ፤ በየዓመቱ ለቦሎ የምንሰለፈውም በዚሁ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትም አለ። የጎደለው እነዚህ ሦስቱ ቸርኬው ላይ መገናኘታቸው ነው።

የእኔ ሐሳብ ብዙ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፣ ለሽያጭ የሚገባ ቸርኬ ሁሉ ልኩን፣ የሚሸከመውን ክብደትና የአምራቹን ስም በራሱ ላይ የያዘ እንዲሆን ይደረግ፤ የሌለው ከጉምሩክ አይለፍ። ሁለተኛ፣ ሻጭ በደረሰኙ ላይ ቸርኬው ለየትኛው መኪና እንደሚሆን ይጻፍ። ይህቺ አንዲት መስመር ብቻ ሶማሌ ተራን ታስተካክላለች ብዬ አልልም፤ ግን «አላውቅም ነበር» የሚለውን በር ትዘጋለች። ሦስተኛ፣ በዓመታዊ ምርመራ ላይ ሁለት ጥያቄ ይጨመር፦ ቸርኬው ስንጥቅ ወይም ብየዳ አለበት ወይ? ቡሎኑ ለቸርኬው የሚሆን ነው ወይ? መኪናው ከፍ ብሎ በሚታይበት ሰዓት ባትሪ አብርቶ ጀርባውን ማየት የሚወስደው ደቂቃዎች ናቸው።

«ይህ ሁሉ ቁጥጥር ዋጋ ጨምሮ ድሃውን መኪና አልባ ያደርገዋል» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ተቃውሞው ተራ አይደለም። ቁጥጥር ሲበዛ ጉቦ እንደሚበዛም አይተናል። ነገር ግን ድሃውን የሚያዋጣው የትኛው ነው? ለቮልስ ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም የሚታመነው ቸርኬ የራሷ የብረት ቸርኬ ነው። ያገለገለ ተገዝቶ፣ ዝገቱ ተፍቆ፣ ቀጥ ብሎ መዞሩ ባላንስ ማሽን ላይ ታይቶ፣ ቀለም ቢቀባ ከሌላው ሁሉ ያነሰ ያስወጣል። እርግጥ ነው አሮጌ ብረትም ከነቀፋ ነፃ አይደለም። ዝገት የበላው፣ ቀዳዳው የሞለሞለ፣ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ የተሰነጠቀ የብረት ቸርኬ መጣል አለበት። ጥንታዊዎቹ ቸርኬዎች ጎማው ሲተነፍስ ከቦታው እንዳይወጣ የሚይዘው ጉብታ ስለሌላቸው ካላማዳሪያ ይፈልጋሉ። ይህን ሁሉ ግን አንድ ልምድ ያለው ጎሚስታ በዓይኑና በጣቱ ሊለየው ይችላል፤ የአሉሚኒየሙን የውስጥ አረፋ ግን አይችልም።

ውበት ለሚፈልግም መንገድ አለ። ቸርኬ ከመግዛቱ በፊት የራሱን ቀዳዳ ይቁጠር፣ በሜትር ይለካ። ባለ አራት ቀዳዳ ከሆነ ትይዩ ከሆኑት ከአንዱ መሐል እስከ ሌላው መሐል 130 ሚሊ ሜትር ሊመጣለት ይገባል። በዚያው ልክ የተሠራ ቸርኬ ለቮልስ ብለው የሚያወጡ አምራቾች በዓለም ላይ አሉ፤ ዋጋቸውም የግድ ሰማይ የነካ አይደለም። ከአዳፕተርና ከመብሳት ይልቅ ትንሽ ጠብቆ እሱን ማስመጣት ይሻላል። ቸርኬውን ገልብጦ ጀርባውን ያንብብ። ከቸርኬው ጋር የሚሄደውን ቡሎን አብሮ ይግዛ፤ ሻጩ ቡሎኑ ምን ዓይነት አንገት እንዳለው ካላወቀ ቸርኬውንም አያውቀውም። በእጅ ስንት ዙር እንደገባ ይቁጠር። ቡሎኑ በዙር ሳይሆን በመስቀል እየተዛወረ ይጠበቅ። ቀድሞ ያልነበረ ንቅንቅ መሪው ላይ ከመጣ «ባላንስ ነው» ብሎ ሳይንቁ ቆሞ ማየት ነው። የጎማው አየር ያለ ምክንያት በየሳምንቱ የሚቀንስ ከሆነም ጎማውን ብቻ ሳይሆን ቸርኬውን መጠርጠር ያስፈልጋል፤ ስንጥቅ አንዳንዴ ራሱን የሚያስታውቀው በዚያ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የባለ መኪናው ትከሻ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። መድኃኒት ስንገዛ ፋርማሲስት አለ፤ ሥጋ ስንገዛ ማኅተም አለ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየተሽከረከረ አራት ሰው የሚሸከም ዕቃ ስንገዛ ግን የሚጠብቀን የሻጩ ቃል ብቻ ነው። አሮጌ መኪናዎቻችንን ለብዙ ዓመት ይዘን እንድንቆይ ተፈርዶብናል ወይም ተፈቅዶልናል፤ እንደ አተያያችን። ያም ሆነ ይህ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፣ ጉምሩክና የደረጃዎች ኢንስቲትዩት አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ከመለዋወጫ ሁሉ በፊት በቸርኬ፣ በጎማና በፍሬን ሸራ ቢጀምሩ አገር አይከስርም። ሦስቱም ሲበላሹ ከባለቤታቸው አልፈው መንገድ ዳር የቆመውን ሰው የሚገድሉ ዕቃዎች ናቸው።

እስከዚያው ድረስ ቮልስ ያላችሁ ሁሉ በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ጎማ መፍቻ አንሡና ቡሎኖቻችሁን አንድ በአንድ ነካ ነካ አድርጓቸው። አንዱ እንኳ ያለ ትግል ከዞረ፣ መኪናዋን ከመንዳታችሁ በፊት ምክንያቱን ፈልጉት።